የእግር ያዡ ዋስ

እንዳላማው ሐኪም ቤት ከመግባቱ በፊት ነገረ ፈጅ ነበር። በይጁቤና በደብረ ማርቆስ መካከል የድንበር፣ የላም፣ የውርስ ሙግት ያለበት ሰው ሁሉ እሱን አስከትሎ ይሄዳል። ጋቢውን አጣፍቶ በትሩን ቀስሮ ዳኛ ፊት ሲቆም፣ ተከሳሹ ራሱ መከሰሱን ረስቶ አፉን ከፍቶ ያዳምጠው ነበር ይባላል። አገሩ ደግሞ ሙግት ካገኘ እህል የማይናፍቅ አገር ነው። በእንደዚህ ያለ አገር ነገረ ፈጅ ጦሙን አያድርም።

በ1928 ዓ.ም. ጣሊያን ገባና ችሎቱ ተዘጋ። ዳኞቹ ግማሾቹ ጫካ ገቡ፤ ግማሾቹ ቤታቸውን ዘግተው ተቀመጡ። ነገር አላለቀም፤ ነገር የሚያይ ሰው አለቀ እንጂ። እንዳላማው በትሩን ግድግዳ ላይ አስደግፎ፣ ከሚስቱ ከየብርጓል ጋር ስለ ወጡ ጨው ሲከራከር አንድ ክረምት አሳለፈ። የብርጓል ግን በክርክር የምትሸነፍ ሴት አልነበረችም፤ ስለዚህ ያም ሥራ አላዋጣውም።

በዚህ መካከል የጎረቤቱን የሽማግሌውን የአያ ወልደ ሚካኤልን እግር በሬ ረገጣቸው። አውራ ጣታቸው ጠቆረ፣ ሸተተ። ወጌሻው አይቶ ራሱን ነቀነቀ። ጣሊያን ደብረ ማርቆስ ላይ ሐኪም ቤት ከፍቷል የሚል ወሬ ስለ ነበር፣ እንዳላማው ሽማግሌውን በበቅሎ ጭኖ ወሰዳቸው። ሐኪም ቤቱ በኖራ የተለሰነ ሰፊ ቤት ነው፤ ውስጡ ግን ባዶ ነበር። አንድ ዶክተርና አንድ አስተርጓሚ ተፋጠው ተቀምጠዋል። ዶክተሩ ሳልቪ የሚባል አጭር ራሰ በራ ሰው ነው፤ ሁሉም «ዶቶሬ» ይሉታል። ቁጡ ነው እንጂ ክፋት አልነበረበትም፤ ምናልባት ክፋቱን አብረውት የመጡት ተሻምተው ጨርሰውበት ይሆናል። አስተርጓሚው አበረ የሚባል የከተማው ልጅ ነው።

ዶቶሬ ጣቱን አገላብጦ አየና ካልተቆረጠ እግሩም ይከተላል አለ። አበረ ተረጎመ። አያ ወልደ ሚካኤል አልተቆጡም፣ አላለቀሱም። በጥሞና ሰምተው ሲያበቁ፣ «መልካም። እንግዲያው ዋስ ይጥራ» አሉ።

አበረ ይህን እንዴት እንደሚተረጉመው ጨነቀው። በዚያ አገር ከሰው ገላ ላይ ብረት የሚያሳርፍ ሁሉ፣ ዋግምት አጋሚም ሆነ ወጌሻ፣ አስቀድሞ ዋስ ይጠራል። ሕመምተኛው ቢሞት ዋሱ ቆራጩን ጎትቶ ሽማግሌ ፊት ያቀርባል፤ ለዘመድም መልስ ይሰጣል። ሕመምተኛው ድኖ በእግሩ ከቆመ ደግሞ ዋስትናው ይወርዳል። ዋስ የሌለው ብረት የነፍሰ ገዳይ ብረት ነው። ዶቶሬ ይህ ሁሉ ሲነገረው ፊቱ ቀላ፤ እኔ የመንግሥት ሐኪም ለአንድ የበሰበሰ ጣት ዋስ ልጥራ ወይ ብሎ ጠረጴዛውን መታ። አያ ወልደ ሚካኤልም የበሰበሰውን እግራቸውን አንሥተው በቅሎዋ ወደታሰረችበት ማነከስ ጀመሩ።

እንዳላማውን ያን ጊዜ የድሮ አመሉ ወጋው። ሳያስበው ተነሣ፣ ጋቢውን አጣፋ፣ በትር ስላልያዘ ጣቱን ቀሰረ። «ዋሱ እኔ ነኝ» አለ። «ይህ ሰው በዚህ ጣት ምክንያት ቢሞት ሐኪሙን አንገቱን ይዤ ለዘመዶቹ አቀርባለሁ።» አበረ ይህን ሲተረጉም አንገት የሚለውን ለራሱ አስቀረው።

ጣቱ ተቆረጠ። እንዳላማው እግሩን ጥርቅም አድርጎ ይዞ ነበርና ሽማግሌው አልተወራጩም። ነገሩ ያለቀ ሲመስል ግን አያ ወልደ ሚካኤል ጣታቸውን ጠየቁ። ለትንሣኤ ሙታን ጎደሎ ሆነው ሊነሡ አይፈልጉም። ክርክሩ ከመቁረጡ ይልቅ ረዘመ፤ በመጨረሻ ጣቱ በሐኪም ቤቱ አጥር ሥር ተቀበረ፣ ድንጋይ ተደረገበት፣ ጅብ እንዳያወጣውም ዋሱ እንዲጠብቅ ተፈረደ።

በቅዳሜው ገበያ ወሬው ተዳረሰ። ሰኞ ጠዋት ዶቶሬ በሩን ሲከፍት ሰው እስከ መንገዱ ተሰልፎ አገኘ። ቁስላም፣ እባጭ ያለበት፣ ዐይኑ የጠፋ፣ ሁሉም አንድ ነገር ይጠይቃል፤ ዋሱ አለ ወይ? ዶቶሬ መጀመሪያ ተሳደበ። በኋላ ግን አለቆቹ መጥተው ሐኪም ቤቱ መሙላቱን አይተው ሲያመሰግኑት፣ እንዳላማውን አስጠርቶ ነጭ ሽርጥ አለበሰው። ሥራው እግር መያዝ፣ ብረት መቀቀል፣ ፋሻ ማጠብና ዋስ መሆን ነው ተባለ። አገሩ ደግሞ «እግር ያዡ» ብሎ ስም አወጣለት።

አንድ ችግር ብቻ ነበረ። ዋስ ሲኮን በንጉሥ ስም ይማላል፤ ያን ጊዜ ደግሞ የንጉሥን ስም ያነሣ ሰው ገመድ ይጠብቀዋል። እንዳላማው አንድ ቀን ሙሉ አስቦ፣ «ይህ መርፌ ይውጋኝ» የሚል መሐላ አወጣ። ሕዝቡ ወደደው። ከመርፌ የበለጠ የሚፈሩት ነገር ስላልነበራቸው መሐላው ከድሮው ይልቅ የጠበቀ መሰላቸው። ዶቶሬም ከመስማት ብዛት ለምዶት፣ ጋሪ መንገድ ሲዘጋበት ሁሉ ይህ መርፌ ይውጋኝ እያለ ይምል ጀመር።

የአጥሩ ሥር ቀስ በቀስ በትናንሽ ድንጋዮች ተሞላ። እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ የጣትና የጆሮ ባለቤቶች እየመጡ ድንጋያቸውን አይተው ይሄዳሉ። አያ ወልደ ሚካኤል ደግሞ በሰበብ በአስባቡ ሳይመጡ አይቀሩም፤ ጣቴ እንዴት ዋለ ብለው ጠይቀው፣ ዙሪያውን አረም ነቅለው ይመለሳሉ። አንድ ጊዜ አንዲት ሴት ድንጋዬን ሰው ወደ ጎን ገፍቶታል ብላ ጎረቤቷን የድንበር ክስ መሠረተችበት፤ እንዳላማው ሽርጡን እንደ ጋቢ አጣፍቶ ዳኘ፣ ዶቶሬም ምስክር ሆኖ ቆመ። እንዳላማው በዚያን ቀን ደስ አለው፤ እውነቱን ለመናገር ከድሮው ሥራው እምብዛም የራቀ አልነበረም።

ደስታው ግን ከቤቱ ደጃፍ አያልፍም ነበር። የየብርጓል ወንድም ድረስ አርበኛ ነው፤ ጮቄ ተራራ ላይ ከጓዶቹ ጋር ይዋጋል። ታፋው ውስጥ ጥይት ቀርቶበት ቁስሉ ይደርቃል፣ ይመግላል፣ እንደገና ይፈነዳል። የብርጓል ባሏ ለጠላት ማደሩን ችላ የኖረችው ስለዚህ ነበር፤ ሙያውን ይማርና አንድ ቀን ለወንድሜ ይደርስለታል ብላ። ታዲያ አንድ ቀን ጥይት ማውጣት ችለህ እንደሆን ንገረኝ ብላ ጠየቀችው። እንዳላማው አፍሮ፣ እኔ የምይዘው እግር ብቻ ነው፣ ብረቱን የሚይዘው ዶቶሬ ነው አላት።

«እግሩንስ እኛም እንይዝለታለን» አለችው የብርጓል።

በማግስቱ ልብሷን ጠቅልላ ይጁቤ አባቷ ቤት ገባች። እንዳላማው ሽማግሌ ቢልክባት፣ ብረት የያዘ ለታ ይምጣ፣ ከዚያ በፊት ደጃችንን እንዳይረግጥ ብላ መለሰቻቸው። ሽማግሌዎቹም ክርክሯን ጥሩ ነው ብለው ተመለሱ። እንዳላማው ያን ቀን ባዶ ቤት ገብቶ አለቀሰ። ሚስቱን ይወዳታል፤ ድረስንም ይወደዋል፤ የተናገረችው ደግሞ እውነት ነበረ።

ከዚያ ወዲያ ዶቶሬን ብረት አስይዘኝ እያለ መወትወት ያዘ። ዶቶሬ አልፈቀደም፤ የአገሩ ተወላጅ ይይዛል፣ ያጥባል፣ ይቀቅላል እንጂ አይቆርጥም፣ ሕግ ነው አለው። ስለዚህ እንዳላማው ሕክምናን ከእግር በኩል ተማረ። የሰው እግር በሁለት እጁ ይዞ አሻቅቦ እያየ፣ የሚያየውን ሁሉ በሚያውቀው ነገር ተረጎመው። በመድኃኒት ማጠቡ መሐላ ነው። እየነኩ የት ጋ ነው የሚያምህ ማለቱ ምስክር መስማት ነው። ቢላዋው ፍርድ ነው። በሽታ ተከሳሽ ነው፣ ገላ ደግሞ ከሳሽ። ይህን ማንም አላስተማረውም፤ ያረመውም ሰው አልነበረም።

በ1930 ክረምት አገሩ ተነሣ። አርበኞቹ መንገዱን ቆረጡት፤ መኪና ከአዲስ አበባ መምጣቱ ቀረ። የዶቶሬን መንጋጋ ጥርስ ያመመው ልክ በዚያን ጊዜ ነው። ጉንጩ አበጠ፣ እህል ተወ፣ ካቲካላ እየተጉመጠመጠ ጥቂት ቀን ታገሠ። የሚነቅልለት ሌላ ሐኪም የለም። በመጨረሻ አንድ ጠዋት፣ ሕመምተኛ ሁሉ ተሰልፎ እያየ፣ የጥርስ ጉጠቱን አንሥቶ እንዳላማው እጅ ላይ አስቀመጠና ወንበር ላይ ተዘረጋ። ሕጉን ያነሣ ሰው አልነበረም፤ ጥርስ ሲያም ሕግ ይረሳል።

እንዳላማው ብረቱን ሲጨብጥ ልቡ ዘለለ፤ የታየችው የብርጓል ነበረች። ወዲያው ግን ነገረ ፈጅነቱ ትዝ አለው። ይህ ሰውዬ እጄ ላይ ቢሞት ጉዳዩ በሽማግሌ አያልቅም፤ የሚያልቀው በገመድ ነው። ስለዚህ ጉጠቱን አስቀመጠና ዋስ ካላገኘሁ አልነካም አለ። አበረ ሲተረጉም ዶቶሬ አልተገረመም፤ በጣቱ ብቻ ፈልጉለት አለ። እንዳላማው ወደ ሰልፉ ዞረ። ስንት ጊዜ ዋስ የሆነለት ሰው ሁሉ መሬት መሬቱን ያያል።

ከአጥሩ ሥር አረም ይነቅሉ የነበሩት አያ ወልደ ሚካኤል ቀና አሉ። «እኔ ዋስ ነኝ። ጥርሱ ቢበላሽ በጥርሴ» አሉ። እንዳላማው ሽማግሌውን በደንብ ያውቃቸዋል፤ አፋቸው ውስጥ አንድ ጥርስ አልነበረም። በሕግ በኩል ግን የሚነቀፍ ነገር አላገኘበትም፤ ዶቶሬም የዋስ አፍ የሚያይበት ጤና አልነበረውም።

እንዳላማው ምስክር መስማት ጀመረ። በጉጠቱ ጫፍ ጥርሶቹን አንድ ባንድ ያንኳኳል። አንደኛው ላይ ሲደርስ ዶቶሬ ቤቱን በጩኸት ሞላው። እዚህ ላይ ነው ዕድሜ ልኩን የተማረው ሙያ ያሳሳተው። ስንት ዘመን ችሎት ቆሞ ያየው አንድ ነገር ነው፤ የሚጮኸው ተበዳይ ነው፣ በዳይ ዝም ብሎ አጠገቡ ይቆማል። የሚጮኸውን ጥርስ አዘነለት። አጠገቡ ዝም ብሎ የቆመውን፣ ወፍራሙን፣ ነጩን፣ ደልቶት የሚያብለጨልጨውን አየው። ፈረደበት፤ ይዞም መነጨቀው።

ዶቶሬ የወጣውን ጥርስ ተቀብሎ በብርሃን አየው። ሥሩ ረጅም፣ ጤነኛ፣ ያማረ ጥርስ ነው። በምላሱ አፉን ፈተሸ፤ የሚያመው እዚያው እንዳለ ነው። ከዚያ ዶቶሬ ዋሱን ፈለገ። አያ ወልደ ሚካኤል ወደ ፊት ቀርበው አፋቸውን በሰፊው ከፈቱለትና ይውሰድ፣ የወደደውን ይምረጥ አሉ። ዶቶሬ ወደ ውስጥ አየ። የሚወሰድ ነገር አልነበረም።

ሌላ ጣሊያን ቢሆን ሽጉጡን ያወጣ ነበር። ዶቶሬ ግን ከእነዚህ ሰዎች ጋር ብዙ ከርሟል። የካፖርቱን ጫፍ አነሣ፣ የእንዳላማውን የሽርጥ ጫፍ አነሣ፣ ሁለቱን አገናኝቶ ጥብቅ አድርጎ ቋጠረ። ሰልፉ ሁሉ አጉረመረመ። ይህ ቁራኛ ነው፤ ዋስ ያጣ ተከሳሽ እንዳያመልጥ ከከሳሹ ጋር ልብስ ለልብስ የሚታሰርበት ያገሩ ሥርዓት ነው። ዶቶሬ ገበያ ላይ አይቶት ኖሯል። ትክክለኛው ጥርስ እስኪወጣ ድረስ እንግዲህ አይለያዩም።

አፉ ደሙን እስኪያቆም ተቆራኝተው ዋሉ። ዶቶሬ ቁስል ያጥባል፣ እንዳላማው አጠገቡ ቆሟል። ሽንት ቤት ሲሄድ ተከትሎት ሄዷል። አንድ መኮንን መጥቶ ለማን ሰላምታ እንደሚሰጥ ግራ ገብቶት ለሁለቱም ሰጥቶ ወጣ። ከሰዓት በኋላ ሕመሙ በረታና ዶቶሬ እንደገና ወንበሩ ላይ ተጋደመ፤ እንዳላማውም በቁራኛው ተስቦ ተጎነበሰ። አንኳኳ፣ ዶቶሬ ጮኸ፣ አሁን የጮኸውን ራሱን ያዘና ነቀለው። መግሉ ተከትሎ ወጣ። ዶቶሬ እያለቀሰ አቀፈው፤ ታስረው ስለነበር ከዚያ ውጭ የሚያደርገው ነገርም አልነበረ። እንዳላማው ግን በልቡ አንድ ነገር ያዘ። በሰው ገላ ውስጥ የሚጮኸው ራሱ ነው ተከሳሹ። ይህን ለመማር የሰው ደህና ጥርስ ፈጀ፤ መቼም ተበላሽቶ ካልሆነ የሚማር ሰው የለም።

ወሬ እንደሚያድገው የሚያድግ ልጅ የለም። የጥርሱ ነገር ጮቄ ሲደርስ እንዳላማው አንድ የጣሊያን ሹም ከወንበሩ ላይ አስተኝቶ ጥርሱን በሙሉ በእጁ አውልቋል ተባለ። አርበኞቹ ፎከሩለት፤ ጠመንጃ የማረከ ብዙ ነው፣ መንጋጋ የማረከ ግን እሱ ብቻ ነው ብለው። ብዙም ሳይቆይ አንዲት ቅቤ ሻጭ ከየብርጓል መልእክት አመጣችለት። ድረስ ብሶበታል፣ ብረቱን ይዘህ ና የሚል ነበር።

እንዳላማው ለዶቶሬ አማቴን ጥርሷን አሟታል ብሎ ዋሸው። ዶቶሬ አመነው ወይስ አላመነው፣ አይታወቅም። ጉጠትና ትንሽ ቢላዋ በፋሻ ጠቅልሎ አቀረበለትና፣ ሊቀበለው እጁን ሲዘረጋ ወደ ኋላ ሳበው። አበረን ሳያስጠራ፣ በራሱ አንደበት፣ «ዋስ ጥራ» አለው። አያ ወልደ ሚካኤል ለሁለተኛ ጊዜ ዋስ ሆኑ። ብረቱ አልተመለሰም። ጣሊያን ሲወጣ ዶቶሬም አብሮ ሄደ፤ እንዳላማው ከነፃነት በኋላ ጉንደ ወይን ላይ የሐኪም ረዳት፣ ድሬሰር ሆኖ ሲቀጠር በዚያው ጉጠት ይሠራ ነበር። ሽማግሌው ግን እስኪሞቱ ድረስ ሰውየው መጥቶ ቢጠይቀኝ ምን እመልሳለሁ እያሉ ይጨነቁ ነበር።

እንዳላማው ጮቄ ሲደርስ አርበኞቹ ከበቡት። ድረስ ከኮሶ ዛፍ ሥር ቁርበት ላይ ተኝቷል፤ ፊቱ ሰም መስሏል፣ ታፋው የእህል ስልቻ አክሏል። የብርጓል ከራስጌው ተቀምጣለች፤ ባሏን ቀና ብላ አየችው። አርበኞቹ ጥርሱን አሳየን ይላሉ። እንዳላማው ተሳስቼ ነው የነቀልሁት ቢላቸው፣ ጀግና እንዲህ ነው፣ ጉራ አይወድም ብለው ሳቁ። የሰማው ድረስ ብቻ ነበር።

«በውነት ተሳስተህ ነው?» አለ ድረስ።

«በውነት ተሳስቼ ነው።»

«እንግዲያው ዋስ ጥራልኝ።»

እንዳላማው ዞር ብሎ አየ። መትረየስ ላይ ጎራዴ ይዘው የሚሮጡ ወንዶች ናቸው፤ አሁን ግን አንዱ የጠመንጃውን ማንገቻ ያያል፣ አንዱ ጫማ በሌለው እግሩ መሬት ይጭራል፣ አለቃቸውም ተራራውን ማየት ጀመረ። እንዳላማው ለአገሩ ሰው ሁሉ ዋስ ሆኖ፣ ለእሱ የሚቆም አጣ። ብረቱን መልሶ ሊጠቀልል ጎንበስ አለ።

የብርጓል ያን ጊዜ ተነሣች። የነጠላዋን ጫፍ ይዛ መጣችና ከጋቢው ጫፍ ጋር በሁለት ዙር ቋጠረችው።

«ዋሱ እኔ ነኝ» አለች። «ወንድሜ ቢሞት እኔው ነኝ ደሙን የምጠይቀው፣ እኔው ነኝ የምጠየቀው። ሁለታችሁንም የማጣ እኔ ነኝ። ንጉሥ ይሙት።»

እንዳላማው ያን መሐላ ጣሊያን ከገባ ወዲህ አልሰማውም ነበር። ዐይኑን በእጅጌው ጠረገና ተንበረከከ። አጠበ። ታፋውን በጣቱ መጫን ያዘ። ጥይቱ የገባበት ቀዳዳ ከላይ ነው፤ ሲነኩት ድረስ ዝም ይላል። ወደ ታች ወርዶ ከጉልበቱ በላይ ሲጫን ተራራው እስኪያስተጋባ ጮኸ። አርበኞቹ ቀዳዳው እኮ ከላይ ነው፣ የት ትሄዳለህ እያሉ ተቆጡ። እንዳላማው ለሁለት አርበኞች የድረስን እግር አስይዞ፣ ብረቱን የሚጮኸው ቦታ ላይ አሳረፈ። እጁ ሲንቀሳቀስ ነጠላው ይሳባል፤ ነጠላው ሲሳብ የብርጓል አይዞህ ትላለች። ለማን እንደምትል አይታወቅም። ብዙ መግል ወጣ፤ በመጨረሻ ጉጠቱ ጠንካራ ነገር ነክሶ ወጣ። ጥይቱ ነበር።

ትኩሳቱ እስኪለቀው የብርጓል ቁራኛውን አልፈታችም። አብረው ውኃ ቀዱ፣ አብረው እንጨት ለቀሙ፣ አርበኞቹ እየሳቁባቸው አብረው በሉ። አንድ ጠዋት ድረስ ጠመንጃውን ተመርኩዞ ተነሣና ጥቂት ተራመደ። እንዳላማው ሕጉን ከማንም በላይ ያውቃል፤ ሕመምተኛው በእግሩ ሲቆም ዋስትናው ይወርዳል። እጁን ወደ ቋጠሮው ሰደደ። የብርጓል በእጇ ከደነችው።

«ደህና አልቆመም» አለች። «ያነክሳል።»

እንዳላማው ክርክሩን ሊጀምር አፉን ከፈተና ተወው። ድረስ ዕድሜ ልኩን ሲያነክስ ኖረ።